የእትዬ ጠገራዎች፦ የፍተሻ ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

ጠረጴዛዬ ላይ 14 ጠገራ (የማሪያ ቴሬዛ) ብርና 2 የምኒልክ ብር ተደርድረዋል። ባለቤታቸው ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ከፊሉን ከእናታቸው ወርሰውታል። ከፊሉን ደግሞ ልጃቸው በየገበያው ሲያገኝ እየገዛ አምጥቶላቸዋል። ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ስለከረመ የቱ ከየት እንደመጣ እሳቸውም አያውቁም።

"እውነተኛውን ከፎርጅዱ ለይልኝ የኔ ልጅ፣ ልሸጠው ነው" አሉኝ። "ደሞ አሲድ ምናምን እንዳታስነካብኝ።"

ልክ ናቸው። ሰብሳቢ የሚገዛው ሳንቲም ላይ የአሲድ ጠባሳ ወይም የሞረድ ጭረት ከታየ ዋጋው ወዲያው ወደ ብረቱ ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ምንም አይፋቅም፣ ምንም አይሞረድም። የቀረውን ሁሉ እንሞክራለን።

ገና ሳልጀምር ስለ ዓመቱ አንድ ነገር ልበል። ጠገራ ሁሉ 1780 ይላል። ሻጩም "ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ ነው" ብሎ ዋጋ ይቆልላል። ብሩ ላይ ፊቷ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው ኅዳር 29 ቀን 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብሩ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መልክ መመታቱን ቀጠለ። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደው መልክ ያ ስለሆነ ሌላ አልቀበልም ይል ነበር። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 እ.ኤ.አ. ከሕጋዊ ገንዘብነት ካወጣችው በኋላም ለንግድ ተብሎ ተመቷል። ዛሬም ቪየና ይመታል። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል።

ከቪየና ሌላም አለ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሞሶሎኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲሰናዳ ጠገራ አስፈለገው። ሠራዊቱ እኛ አገር ገብቶ እህልና በቅሎ የሚገዛው በምን ሊሆን ነው? ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የማተሚያውን ብረት ሮም አስገባ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ዝም አላሉም፤ ለንደንና ፓሪስም ያንኑ የ1780 ብር መምታት ጀመሩ። ብራስልስ ተከተለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ ተመታ። ስለዚህ የእትዬ ከረጢት ውስጥ የለንደን ጠገራ ቢገኝ አይገርመኝም። እሱ ፎርጅድ ነው እንዴ? ብሩ ብር ነው፣ ክብደቱ ልክ ነው፣ የመታውም የመንግሥት ማተሚያ ቤት ነው። ዓመቱ ብቻ ነው ውሸት።

እኔ የምጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው። ብር ነው ወይ? ከዚያ ደግሞ፣ በማተሚያ የተመታ ነው ወይስ አንድ ሰው ጓዳ ውስጥ አቅልጦ ያፈሰሰው? ሁለቱ እየተምታቱ ነው ገበያው የሚረበሸው።

ቅዳሜ ማታ

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ ከወርቅ ሠሪ የተዋስኩት አጉሊ መነጽር፣ የስፌት ክር፣ ብርጭቆና ስልክ። ማግኔቱን ያገኘሁት ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኞች ጋ በነጻ ይሰጣችኋል፤ የፍሪጅ ማግኔት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ደካማ ነው።

ለእያንዳንዱ ጠገራ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከሥሩ አደረግሁ፤ ከ1 እስከ 14። የምኒልኮቹን ሀ እና ለ አልኳቸው።

ማግኔቱን በተራ አስጠጋሁ። ቁጥር 3 ዘሎ ተጣበቀ። አለቀለት፣ ውስጡ ብረት ነው። ብር በማግኔት አይሳብም፣ ብሩ ውስጥ ያለው መዳብም አይሳብም።

አለመሳብ ግን ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ነሐስም እርሳስም አይሳቡም። ስለዚህ ሁለተኛውን የማግኔት ሙከራ አደረግሁ። ሳንቲሙን ዘንበል አድርጌ ትንሽዬ ማግኔት ከላይ ለቀቅሁበት። ብር ኤሌክትሪክ አሳላፊ በመሆኑ ማግኔቱ ሲንሸራተት ብሩ ውስጥ ጅረት ይፈጠርና ወደ ኋላ ይይዘዋል። ማግኔቱ ቀስ ብሎ፣ ማር ላይ እንዳለ ነገር ይወርዳል። ካላያችሁት ሞክሩት፣ ደስ ይላል። መዳብም እንዲሁ ያደርጋል፤ ነሐስ ትንሽ ያደርጋል። እርሳስ ግን ግድ የለውም።

ከ14ቱ አብዛኞቹ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። 6፣ 9 እና 12 ላይ ትንሽ ፈጠነ። 11 ላይ ዝም ብሎ ዱብ አለ። ከ11 አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ተኛሁ።

እሑድ

ዛሬ ልኬት ነው። ማወቅ ያለባችሁ ቁጥር አንድ ነው፤ አዲስ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው፣ ሌላው መዳብ። ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ጠርዙ ላይ 2.5 ገደማ ነው።

ሲዘዋወር የኖረ ብር ይበላል። ስለዚህ 27.9 ወይም 27.6 ሲሆን አትደንግጡ። 1፣ 2፣ 5፣ 8፣ 13 እና 14 ሁሉም ከ27.5 እስከ 28.1 መካከል ገቡ። ደስ ይላል።

6 እና 9 ገና ከመጀመሪያው ወደቁ። ስፋታቸው ልክ ነው፣ ውፍረታቸው ልክ ነው፣ ክብደታቸው ግን 23.38 እና 22.90። ለዐይን ምንም ጉድለት የለባቸውም። እጅ ላይ ስታደርጓቸው ግን ቅልል ይላሉ። ገበያ ላይ ሚዛን የሌለው ሰው እውነተኛ ጠገራ በአንድ እጁ ይዞ ቢያወዳድር በእነዚህ አይሸወድም ነበር።

12 ግን ብልህ ነው። 28.11 ግራም! ሻጩ ፊት ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት "አየህ፣ ልክ ነው" ይላችኋል። ካሊፐሩን ሳስገባ ጠርዙ 3.0 ሚሊሜትር ሆነ። ክብደቱን ለመሙላት አወፈሩት። ግማሽ ሚሊሜትር በዐይን አይታይም፤ ከሌሎቹ ጋር ደርድራችሁ በጣት ስትዳስሱት ግን ጎልቶ ይሰማል።

4 እና 10 አናደዱኝ። ሁለቱም 26.6 ግራም ገደማ ናቸው። በልተዋል እንዳልል ፊቷ ላይ ያለው ቅርጽ ያን ያህል አልተበላም። ስፋታቸውም 39.4 ብቻ ነው።

7 ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደበት ነው፣ አንገት ላይ ሲታሰር የኖረ። 29.40 ይላል፣ ከነቀለበቱ። በክብደት ልፈርድበት አልችልም።

ሰኞ ማታ

ዋናው ሥራ ዛሬ ነው። ውሃ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ነገሩ ትምህርት ቤት ዴንሲቲ ወይም እፍጋት ብለን የተማርነው ነው። ብር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። መዳብ 9 ገደማ። ነሐስ 8.5 ገደማ። እርሳስ 11.3። ቆርቆሮ (ቲን) 7.3። ጠገራ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፣ አንዱ መዳብ በመሆኑ ሒሳቡ 10.2 ላይ ያርፋል። ብሩ ቢበላም፣ ቢበሳም፣ ቢሸረፍም 10.2ነቱ አይቀየርም። ክብደት ከዕድሜ ጋር ይወርዳል፣ እፍጋት ግን አይወርድም። ለዚህ ነው ከልኬት ሁሉ ይህን የማምነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙን ደረቁን መዝኑት። ከዚያ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርጉና ዜሮ በሉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ግን ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየው አሁን የሳንቲሙን ክብደት ሳይሆን የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። አንድ ግራም ውሃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ይዘቱን አገኛችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። አበቃ።

ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው የአየር አረፋ ነው። ፀጉሯ ውስጥና የንስሩ ላባ መካከል ትናንሽ አረፋ ይይዝና ይዘቱን ያሳብጣል። ውሃው ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጉና ሳንቲሙን ስታስገቡ ወዝወዝ አድርጉት። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። እስከ 0.1 ብቻ የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን አይሆንም። ይዘቱ 2.75 አካባቢ ነው፤ ሚዛኑ 2.7 ወይም 2.8 ካላችሁ መልሱ ከ10.0 እስከ 10.4 ይዋዥቃል። እዚያ ውስጥ ብዙ ጉድ ይደበቃል።

ክሩን በእጅ መያዝ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለት ወንበር መካከል መወልወያ እንጨት አጋድሜ እሱ ላይ አሰርኩት። ባለቤቴ አየችኝና ምንም ሳትል በሩን ዘጋች።

ውጤቱ ይኸው። ቁጥር 1፣ 27.94 ሲካፈል ለ2.74፣ 10.20። ቁጥር 5፣ 27.61 ለ2.71፣ 10.19። 2፣ 8፣ 13፣ 14 ሁሉም እዚያው አካባቢ። እነዚህ ስድስቱ ልባቸው ድረስ የጠገራ ቅይጥ ናቸው።

6 እና 9 8.5 ሰጡ። ነሐስ፣ ወይም ከነሐስ ብዙ የማይርቀው ነጩ የኒኬል ቅይጥ፣ ላዩ ብር ቅብ። 12፣ ያ ወፍራሙ፣ 28.11 ለ3.29፣ እሱም 8.5። ወፍሮ ሚዛኑን ሸወደ፣ ውሃውን ግን አልሸወደም። እንዲያውም ያወፈሩት ሚሊሜትር ነው ውሃው ውስጥ ያጋለጠው። ሐሰተኛ ሠሪ ሦስት ነገር አንድ ላይ ማስተካከል አለበት፦ ክብደት፣ ስፋትና ውፍረት። ከብር የቀለለ ብረት ይዞ ሦስቱን ማስተካከል አይቻልም። ሁለቱን ካስተካከለ ሦስተኛው ያፈተልካል።

7 ከነማንጠልጠያው 10.1 ሰጠ። የብየዳው ቅይጥ ከጠገራው ብር ትንሽ ስለሚቀል ይህ የሚጠበቅ ነው። አልፏል።

4 እና 10 10.0 ሰጡ። እንግዲህ ብር ናቸው! ትንሽ ጎደል ያለ፣ ግን ብር። ታዲያ ለምን ቀለሉ? ለምን ጠበቡ?

11 ደግሞ 28.30 ለ2.80፣ 10.1። አልፏል እንዳልል ቅዳሜ ማታ ማግኔቱ ዱብ ብሎበታል። ሁለቱ ሙከራዎች ሲጣሉ አንዱ እየዋሸ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ አጉሊ መነጽር ብቻ።

ጠገራን በመነጽር ስታዩ መጀመሪያ ፊቷን አትዩ፤ ጠርዙን እዩ። እውነተኛው ጠርዝ ላይ ከፍ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉ፤ "ፍትሕና ምሕረት" ማለት ነው፣ የንግሥቲቱ መፈክር። በቃላቱ መካከል ጌጥ አለ። ይህን ጠርዝ መኮረጅ ፊቷን ከመኮረጅ ይከብዳል። 6 እና 9 ላይ ፊደላቱ አሉ፣ ግን ደብዛዛ ናቸው፤ መሐል ላይ ደግሞ ዙሪያውን ቀጭን መስመር ይሄዳል። ሁለት ግማሽ ሞልድ (የቀለጠ ብረት የሚፈስበት ቅርጽ) የተጋጠመበት ነው። በመነጽር ካያችሁት በኋላ በጥፍራችሁም ይሰማችኋል።

ከጠርዙ ቀጥሎ የትከሻ ጌጧ። መጎናጸፊያዋን የያዘው ክብ ጌጥ ዙሪያውን ዕንቁ አለው፤ የዘመናዊው የቪየና ምት ላይ ዘጠኝ ናቸው። ድሮ እኛ አገር ነጋዴው ብሩን የሚቀበለው ይህን ዕንቁ በጣቱ ዳስሶ፣ ከታች ያሉትን ሁለት ፊደላት አይቶ ነበር። ዕንቁው የጠፋ ብር አልቀበልም ይባል ነበር። ምክንያት አለው፤ ተሞርዶ ወይም በልቶ የቀለለ ብር መጀመሪያ የሚጠፋበት እነዚህ ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። ሁለቱ ፊደላት ኤስ እና ኤፍ ናቸው፤ ሾብልና ፋቢ የተባሉት የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ። ሰዎቹ ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፋቸውም ፊደላቸው እስከዛሬ ይመታል። ከጀርባ ባለሁለት ራስ ንስሩ አለ፣ ከ1780 አጠገብም ትንሽ የተጋደመ መስቀል።

ስድስቱ ላይ ይህ ሁሉ ንጹሕ ነው። የፊደላቱ ጎን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሜዳው ለስላሳ ነው። በማተሚያ የተመታ ብር እንዲህ ነው።

አሁን 4 እና 10። ሜዳቸው ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ አለ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያክል። ዕንቁዎቹ ተዋህደው ገመድ መስለዋል። ፊደላቱ ጠርዛቸው ዙር ነው፣ ሳሙና ላይ እንደተጻፈ። አንድ ላይ አስቀምጬ ሳያቸው ደግሞ ከአገጯ ሥር 4 ላይ አንዲት ገደል አገኘሁ፤ ሰያፍ የሆነች፣ ወደ አንገቷ የምትወርድ ጠባሳ። 10 ላይ ዞርኩ። እዚያው ቦታ። ያው ርዝመት፣ ያው ሰያፍ። የንስሩ የግራ ክንፍ ላይም አንዲት ነጥብ ሁለቱም ላይ አለች።

ይህ ከሁሉም የማያወላዳ ማስረጃ ነው። ሁለት ሳንቲም በአንድ ማተሚያ ሊመታ ይችላል። በኪስ ውስጥ የመጣ ጭረት ግን ሁለት ሳንቲም ላይ እዚያው ቦታ አይወጣም። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ እውነተኛ፣ የተጫረ ጠገራ ሞልድ ውስጥ ተጭኖ ቅርጹን ሰጣቸው። ስፋታቸው ለምን እንደጠበበም እዚህ ላይ ይገባል፤ የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከሞልዱ የሚወጣው ከእናቱ ያንሳል። ጉድጓዶቹ ደግሞ ውስጥ የቀረ አየር ናቸው፤ እፍጋቱን ከ10.2 ወደ 10.0 ያወረደው ያ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ጠቁረዋል፣ "አሮጌ" ይመስላሉ። ጥጥ ላይ አሴቶን (ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ) አድርጌ ጠርዛቸውን ነካ ነካ አደረግሁ። ጥጡ ቡናማ ሆነ፣ የጫማ ቀለም ሸተተኝ። ብር በዕድሜ የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋህዶ ነው፤ ያ ጥቁረት በአሴቶን አይለቅም። ቁጥር 1 ላይ ሞከርኩት፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። አሴቶን ብር አይጎዳም። መስኮት ከፍታችሁ ግን ሥሩ።

ረቡዕ

11ን ይዤ ፒያሳ ወደ አንጥረኛው ጋሼ ሄድኩ። 4ንና 10ንም አሳየኋቸው።

4ን ገና ሲያዩት ሳቁ። "ይህን የሠራው ሰው ሙያው አልጠፋበትም" አሉ አገላብጠው። "ብሩ ደህና ነው። ድሮ እኮ ጠገራ አቅልጠን ነበር መስቀሉንም አምባሩንም የምንሠራው። ብር እጁ ላይ ያለ ሰው ምን ይሳነዋል?" አንጥረኛ ላልሆነ ሰው ግር ይላል። ብር አቅልጦ ብር አስመስሎ መሥራት ምን ያተርፋል? ያተርፋል፤ ሰብሳቢ ለጠገራው የሚከፍለው ከቁራጭ ብሩ ይበልጣላ።

11ን ደግሞ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው በሌላ ሳንቲም ነካ አደረጉት። ጧ! ብሎ ሞተ። ከዚያ ቁጥር 1ን ሰጠኋቸው። እሱ ረጅም፣ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣና ቆየ። ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ፤ ቤት ስመለስ ስድስቱንም በተራ አሰማሁና ሁሉም እንደ ቁጥር 1 ዘፈኑ። 7 ብቻ አልዘፈነም፣ ግን ብየዳ ያለበት ወይም የተሰነጠቀ ሳንቲም እውነተኛም ቢሆን ድምፁ ይታፈናል። በድምፅ ብቻ 7ን የሚጥል ሰው ይበድላል።

"እርሳስ ነው" አሉ ጋሼ 11ን እያዩ። "ከቆርቆሮ ጋር ደባልቀውት።" የጠርዙን የበላ ቦታ ነጭ ወረቀት ላይ ሰረር አደረጉት። ግራጫ መስመር ጻፈ። ቁጥር 1 ምንም አልጻፈም።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። እርሳስ 11.3 ነው፣ ቆርቆሮ 7.3። ሁለቱን ከአራት እጅ ሦስት በላይ እርሳስ አድርጎ ቢደባልቁ በትክክል 10.1 አካባቢ ይመጣል። ላዩን ብር ቀቡት። ሚዛኑን አለፈ፣ ስፋቱን አለፈ፣ ውሃውንም ለጥቂት አለፈ። የወደቀው ማግኔቱና ድምፁ ላይ ነው፤ እርሳስ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ አይዘፍንምም። ሙቀትም በደንብ አያሳልፍም። ማታ ለማረጋገጥ አንድ ዓይነት የበረዶ ቁራጭ 1 እና 11 ላይ አስቀመጥኩ። 1 ላይ ያለው ወዲያው እየቀለጠ በራሱ ውሃ ላይ መንሸራተት ጀመረ። 11 ላይ ያለው ተረጋግቶ ተቀመጠ። ብር ከብረቶች ሁሉ ሙቀት በማሳለፍ አንደኛ ነው።

ጋሼን ስለ ኤክስሬይ መመርመሪያውም ጠየቅኳቸው። አንዳንድ ወርቅ ቤቶች ያስጠጉና ቁጥሩን የሚያነቡት ማሽን ማለቴ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን የሚያየው ላይ ላዩን ብቻ ነው። የብር ቅቡ ወፈር ካለ ማሽኑ ቅቡን አንብቦ "ብር" ይላል። ማሽን አለፈ ብሎ ውሃውን መተው አይገባም።

ሐሙስ

የምኒልክ ብሮቹ ተራ። እነዚህ ፓሪስ የተመቱ ናቸው፤ ክብደታቸው ከጠገራ ጋር አንድ ነው፣ ብሩም በሺህ 835 ነው። ሆን ተብሎ ነው፤ ምኒልክ ብሩን ከጠገራው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ነበር የፈለጉት። እፍጋቱም ያው 10.2 ነው።

እዚህ ላይ ግን ከሚዛን በፊት አንድ የምንበልጥበት ነገር አለ፤ ማንበብ እንችላለን። የውጭ ሰብሳቢ ለሱ ፊደሉ ጌጥ ነው። ለኛ ግን ስህተቱ ይጮሃል።

ሀ ላይ "ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ" ጥርት ብሎ ይነበባል። የእያንዳንዱ ፊደል ቅጥያ እዚያው አለ። ዓመቱ ፲፰፻፹፱። ከጀርባ ያለው ባለዘውድ አንበሳ የግራ የፊት እግሩን አንስቷል። 27.7 ግራም፣ 10.2። የበላ ነው፣ አንበሳው ጋማ ላይ ለስላሳ ሆኗል፣ ግን እውነተኛ ነው።

ለ ዓመቱ ፲፰፻፺፪ ይላል። ስሙን ሳነብ "ምነልክ" ሆነብኝ። "ኒ" ያቺ ከግርጌ የምትታጠፈው ጭራዋ የለችም። "ነገሥት" ውስጥ ያለው "ሥ"ም ምልክቱ ጠፍቶ "ሠ" ሆኗል። ቅርጹን የሠራው ሰው ፊደሉን እንደ ሥዕል ነው የገለበጠው። አንበሳው ደግሞ የ1889ኙ አንበሳ ነው፣ የግራ እግሩን ያነሳው። የ1892ቱ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሳው የቀኝ እግሩን ነው። የአንዱን ዓመት ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር አጣብቀዋል። ለደንቡ መዘንኩት፦ 22.6 ለ2.63፣ 8.6። ነሐስ።

ዓርብ

ድምር ውጤት። ከ14 ጠገራ ሰባቱ አለፉ፦ 1፣ 2፣ 5፣ 7፣ 8፣ 13፣ 14። ሁለቱ፣ 4 እና 10፣ ብራቸው እውነት፣ ሳንቲምነታቸው ውሸት። አምስቱ፣ 3፣ 6፣ 9፣ 11፣ 12፣ ከነምናቸው ውሸት። ከምኒልኮቹ ሀ ብቻ።

ካለፉት ውስጥ የትኛው የት ተመታ የሚለው ለብቻው ሥራ ነው። የጌጧን ቅርጽ፣ የንስሩን ጭራ ላባ፣ የፊደላቱን አጣጣል ከካታሎግ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን ማየት ይጠይቃል። 13 እና 14 ጥርት ያሉ፣ ያልተዘዋወሩ ስለሆኑ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተመቱ ይመስሉኛል። ለሰብሳቢ ግን አሮጌ ሁሉ ውድ፣ አዲስ ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ የሚወደደው ብርቅ የሆነው ምት ነው።

ለእትዬ በየፖስታው ለያይቼ ሰጠኋቸው። ፖስታው ላይ ክብደቱን፣ ይዘቱንና ያካፈልኩትን ጽፌበታለሁ፤ ገዢ ቢከራከራቸው ውሃና ሚዛን አምጥቶ ራሱ ይሞክር።

"ታዲያ አሁን በሎሚና በአመድ ፈተግ ፈተግ ላርጋቸው?" አሉኝ።

"በፍጹም እትዬ! እንዳይነኳቸው።" የተፈተገ ብር ያብረቀርቃል፣ ሰብሳቢ ግን በመነጽር የፍትጊያውን ጭረት አይቶ ግማሽ ዋጋ ይሰጣል። ጥቁረቱ ይቆይ።

7ን ስጠይቃቸው እሱ አይሸጥም አሉ፤ ቀለበቱን ያስበየዱት እናታቸው መሆናቸውን ያስታውሳሉ። 4ንና 10ን ጋሼ በሚዛን ሊወስዷቸው ይችላሉ፣ በቁራጭ ብር ዋጋ፤ እንደ ጠገራ እንዳይሸጧቸው ተስማምተናል። 11ንና 12ን ግን ለምኜ እኔ ጋ አስቀርቻቸዋለሁ። ሚዛን የሸወደና ውሃ ሊሸውድ የተቃረበ ሁለት ናሙና በቀላሉ አይገኝም፤ ልጃቸው ደግሞ ቀጣዩን ጠገራ ከመግዛቱ በፊት መጥቶ ከነዚህ ጋር እንዲያስተያይ ነግሬዋለሁ።